ዞር ብለን እንመለሳለን

የምጽፍላችሁ የሆነውን ብቻ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ተማሪዎቼ ምስክር ያልቀረበበትን ወሬ ሲያመጡልኝ በቀይ እስክርቢቶ እሰርዘው ነበር። ይህንንም የሚሰርዝልኝ ባገኝ ደስ ባለኝ...

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ቤቴ እየነዳሁ ነበር።

ከመኪናው ኋላ ድምፅ ሰማሁ።

ምምምምም...

ዝቅ ያለ፣ ዜማ የሌለው እንጉርጉሮ።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድሁት። መካኒኩን የሰፈሩ ሰው «ጆሮ» ይለዋል፤ የመኪናን ሕመም በመስማት ብቻ እለያለሁ ብሎ ስለሚኩራራ ነው።

«ኩሽኔታ ነው፣ መምህር» አለኝ፣ ገና ከመኪናው ሳልወርድ። «የኋላው ቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ተበልቷል። ሰውም መኪናም ሲያረጅ የሚጮኸው መገጣጠሚያው ነው።»

በራሱ ቀልድ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ኩሽኔታው ተቀየረ። ድምፁ ግን ባለበት ቀጠለ።

ተመልሼ ስሄድ ጆሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንገቱን ነቀነቀ። «ስሜን ሊያስቀሙኝ ነው እንዴ? እስቲ እርስዎ ይንዱ፤ እኔ ኋላ ተቀምጬ ልስማ። ወደ ግራ ሲታጠፉ ክብደቱ ቀኙ ጎማ ላይ ያርፋል፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ግራው ላይ። ጥፋተኛው ራሱ ጮኾ ይናገራል።»

የኋላውን ቀኝ በር ሊከፍት እጁን ዘረጋ።

«በግራ በኩል ተቀመጥ» አልሁት።

ምክንያቱን አልነገርሁትም። ለእናንተ ግን መንገር አለብኝ።

የቀኙ ወንበር የእናቴ ነው።

እናቴ ከታመመች ወዲህ መናገር አትችልም። የቀራት ድምፅ አንድ ብቻ ነበር። መኪና ውስጥ ስትቀመጥ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ገጥማ ታንጎራጉራለች። ያን የምታደርገው ደስ ሲላት ነው።

ድምፁ ከመጀመሩ ከጥቂት ቀናት በፊት የአረጋውያን መጦሪያ አስገባኋት። ደክሞኝ ነበር... ድካም ግን ውሸትን እውነት አያደርገውም። ልብሷን በሻንጣ ከትቼ፣ እንዳታይ ቀድሜ ጫንሁት። ከዚያም እጇን ይዤ፣

«እማዬ፣ ዞር ብለን እንመለሳለን» አልኋት።

ሻሿን አሳምራ አሰረች። መንገዱን ሙሉ አንጎራጎረች።

ስንደርስ አልወርድም አለች። ሁለት ሠራተኞች መጥተው ጣቶቿን ከመያዣው አንድ በአንድ አላቀቁ። እኔ ከፊቴ ያለውን የኋላ ማሳያ መስታወት ወደ ጣራው አዞርሁት።

እንዳላያት።

«መምህር፣ መስታወትዎ እኮ ጣራ ነው የሚያሳየው» አለ ጆሮ ከኋላዬ። «ከሰማይ የሚመጣ መኪና አለ እንዴ?»

«ተወው» አልሁት።

ከጋራዡ ጀርባ ሰፊ ባዶ ሜዳ አለ። እዚያ ወጣን። ወደ ግራ አጠፍሁ... ወደ ቀኝ... እንደገና ወደ ግራ...

ምምምምም...

«ይድገሙት» አለ።

ደገምሁት።

የጆሮ ጨዋታ ቆመ።

«ምን ሰማህ?»

«ዝም ይበሉ...»

ከዚያ በሹክሹክታ፣ «መምህር... ሞተሩን ያጥፉት» አለኝ።

አጠፋሁት። መኪናው ቆመ። ጎማ አይዞርም፤ ሞተር የለም።

ምምምምም...

«ከጎማ አይደለም» አለ። ከባዶው የቀኝ ወንበር ሸሽቶ በሩ ላይ ተጣበቀ። «ከአጠገቤ ነው።»

«ምናልባት ነፋስ...»

«ይስሙ! መሃል ላይ ያቋርጣል... ይኸው... ትንፋሽ እየሳበ ነው። ኩሽኔታ ትንፋሽ አይስብም፣ መምህር።»

በሩን ከፍቶ ወጣ። ሳይዘጋው፣ ወደ ኋላም ሳያይ፣ በእግሩ ወደ ጋራዡ ሄደ።

እኔ በሩን ዘግቼ ቀጥታ ወደ መጦሪያው ነዳሁ።

ተንከባካቢዋ በር ላይ ተቀበለችኝ። «እንኳን መጡ! ልንደውልልዎ ነበር» አለች።

«ምን ሆነች?»

«በየቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ ይጀምራቸዋል። ዛሬ ግን ባሰባቸው። ወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፣ ወደ ግራ ያዘነብላሉ... እንዳይወድቁ አቅፈን ነው የያዝናቸው።»

«ታንጎራጉራለች?»

ሴትዮዋ በመገረም አየችኝ። «እሳቸው? ከመጡ ጀምሮ ምንም ድምፅ አልሰማንም።»

እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ወደ ላይ ተዘርግቷል። ጣቶቿ ባዶ አየር ጨብጠዋል።

ያኔ ገባኝ። እንመለሳለን ብያታለሁ፤ አልተመለስንም። ለእሷ ጉዞው አላለቀም፤ ገና መኪናው ውስጥ ናት።

«እማዬ፣ ተነሺ» አልኋት። «ቤት እንሂድ።»

የመጦሪያው ሰዎች ሊያግባቡኝ ሞከሩ፤ አልሰማኋቸውም። ቦታዋ ላይ አስቀመጥኋት። መስታወቱን አቃናሁት። መንገዱን ሙሉ እሷም ዝም፣ መኪናውም ዝም። ከመጦሪያው እስከ ቤታችን በር ድረስ አንዲት እንጉርጉሮ አልሰማሁም። በልቤ ምሕረት ያገኘሁ መሰለኝ።

ክፍሏ እንደ ነበረ ነው። አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀምጬ፣ በብርጭቆ ውሃ ቀድቼ ራስጌዋ ያለው ጠረጴዛ ላይ አኖርሁላት። እግሯ ሥር ተንበረከክሁ።

«ደርሰናል፣ እማዬ። ይኸው ቤታችን።»

አየችኝ። ጣቶቿን ከመያዣው ሲያላቅቁ መስታወቱን ባላዞር ኖሮ የማየው ዓይን ይህ እንደ ነበር አሁን አወቅሁ።

አላመነችኝም። ለምን ታምነኛለች?

«እውነቴን ነው...» አልሁ። «እማዬ፣ በሞቴ... ደርሰናል...»

መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። በመስኮቱ ይታየኛል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

ቀኝ እጇ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ጣቶቿ አየሩን ጨበጡ።

ወደ ቀኝ አዘነበለች።

ልደግፋት እጄን ስዘረጋ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

ብርጭቆው ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ግን፣ መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ እንደሚሆነው፣ ከእሷ ጋር ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ ጠርዙ ድረስ ወጥቶ... እዚያው ቆመ።