በሃምሳው የተፈተነው ፕሮግራም

ደባርቅ ላይ በሃምሳው ጠዋት ቁርስ ያልበላ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ድሀውም ሀብታሙም ያለውን ማልዶ ይቀምሳል። ቢራራ የስልኩን ፕሮግራም ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣው በዚያ ሰሞን ነበር፣ በ2008 ዓ.ም.። ነገሩ ሁሉ የተበላሸውም እዚሁ ላይ ነው፤ ግን አትቸኩሉ፣ በወጉ ላውራችሁ።

ቢራራ የደባርቅ ልጅ ነው። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞቱ ያሳደጉት አክስቱ እቴቴ የሺወርቅ ናቸው፤ ጥጥ ፈትለው፣ ፈትሉን ለሸማኔ ሸጠው አስተማሩት። ተምሮም ሰው ሆነ። ሥራው በሌላ ሀገር የተሠራ የስልክ ፕሮግራም ለእኛ ሰው ይስማማ እንደሆነ መፈተን ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ቋንቋ መተርጎም ብቻ አይደለም። ሰው መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ እንደሚበላ፣ በምን እንደሚያፍር አይቶ ለሠሪዎቹ በእውነት መንገር ነው።

ያን ጊዜ ያመጣው ፕሮግራም ለስኳር ሕመምተኞች የተሠራ ነበር። በየጠዋቱ ስልኩ ይጮህና «መርፌዎን የሚወጉበት ሰዓት ደርሷል» ይላል። ሕመምተኛው ተወግቶ አንድ ቁጥርን ሲጫን «በጣም ጥሩ! መልካም ቀን ይሁንልዎ» ብሎ ዝም ይላል። አማርኛውን በድምፁ ያነበበው ራሱ ቢራራ ነው።

እቴቴ የሺወርቅም ስኳር ነበረባቸውና ከሞካሪዎቹ አንዷ ሆኑ። ስልኩ መጀመሪያ የጮኸ ዕለት በሳቅ ሊሞቱ።

«አንተ! ቤት ውስጥ አንቺ ትለኛለህ፣ ስልክ ውስጥ ስትገባ አንቱ አልከኝ?»

ከዚያ በኋላ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ወሬያቸው ይኸው ሆነ። «ልጄ እኮ አዲስ አበባ ሆኖ ጠዋት ጠዋት ይቀሰቅሰኛል» ይላሉ። እንዝርታቸውን እያሾሩም ነገር ይጨምራሉ፤ «እኔም ዝም አላልኩት፣ የሠርጉን ጋቢ እየፈተልኩለት ነው።»

ሙከራው ሰመረ። ደባርቅም ዳባትም ያሉ ሕመምተኞች በሰዓታቸው ተወጉ፣ ቁርሳቸውን በሉ፣ ቁጥራቸውን ተጫኑ። ደስ ያላላት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሃና።

«ጾም ሲገባስ?» አለችው።

«በሽተኛ መች ይጾማል? ቤተ ክርስቲያኗም አታስገድድም።»

«አታስገድድም። ግን አክስትህ ፍልሰታን ሲገድፉ አይተህ ታውቃለህ?»

ቢራራ ሳቀ። «እሷማ ብትታረድም አትገድፍም!»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል? እዚህ ሀገር ሰው ‹መርፌ በአፍ አይገባም፣ ጾም አይሽርም› ይላል። ይወጋና ሳይበላ ቅዳሴ ይቆማል። ምግብ ካልተከተለው መርፌው ስኳሩን ከልክ በታች አውርዶ ሰው ይጥላል። ቢያንስ አንድ የጾም ሳምንት ሞክረው፣ በእመቤቴ!»

«ሲስተር ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ። ሥራው በዚህ ወር ማለቅ አለበት።»

በዚሁ ሳምንት ፕሮግራሙን ከሠሩት አንዷ፣ ሕንዳዊት መሐንዲስ፣ ደወለችለት። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፤ የመጣችበትን ሳትደብቅ ነገረችው።

«በእኛ ሀገር ሴቶች ለባሎቻቸው ዕድሜ ብለው ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ የሚውሉበት ቀን አለ። ፕሮግራሙ ያንን ባለማወቁ ተቸግረን ነበር። ስለዚህ ከመርፌው በፊት ‹ዛሬ ይበላሉ ወይ?› ብሎ እንዲጠይቅ ልናደርገው እንችላለን። እናንተ ጋ ያስፈልጋል?»

ያስፈልጋል የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን አሰበው። የዓመቱን እኩሌታ የሚጾም ሕዝብ ነው፣ በሽተኛው ሳይቀር ይጾማል ብሎ ለባዕድ ማውራት የቤቱን ገመና አደባባይ ማውጣት መሰለው። ኋላ ቀር ይሉናል ብሎ አፈረ። ደግሞም ሙከራው እንደገና ሊጀመር ነው፤ ማን ይጠብቃል?

«እኛ ጋ በሽተኛ አይጾምም» አላት።

ውሸት አልነበረም፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። ግን ሥርዓቱን ማን ጠየቀው? የተጠየቀው ሰው የሚያደርገውን ነው። አዬ ቢራራ!

ሙከራው ከሃምሳው ሳይወጣ ተዘጋ፤ ፕሮግራሙም በሐምሌ መጨረሻ ለሕመምተኞች ሁሉ ታደለ። ወዲያው ፍልሰታ ገባች።

የጾሙ የመጀመሪያ ጠዋት ከቡይት ራስ ተራራ በኩል የወረደው ጉም ደጅ አያሳይም ነበር። ስልኩ በቢራራ ድምፅ ጮኸ። እቴቴ የሺወርቅ ተወጉ፣ አንድ ቁጥርን ተጫኑ፣ «በጣም ጥሩ!» ተባሉ። «አሜን ልጄ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የፍልሰታ ቅዳሴ የሚወጣው ቀኑ ካጋደለ በኋላ ነው። ብዙ ሳይቆሙ ላብ አጠመቃቸው፣ ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ከሴቶች መግቢያ ደረጃ ላይ ወደቁ።

«ጋኔን ነው!» ተባለ። ጸበል የሚረጨው ረጨ፣ መቋሚያ የሚያስነካው አስነካ። እግዜር ሲያተርፍ ሲስተር ሃና እዚያው ታስቀድስ ነበርና ሰውን እየገፈተረች ደረሰች።

«የምን ጋኔን! ስኳር ነው! ተሸከሙልኝ!»

በነፍስ ደረሱላቸው። የቀኝ እጃቸው አንጓ ግን ከደረጃው ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ተሰብሮ ነበር።

ቢራራ ወሬውን ሰምቶ አዲስ አበባ አላደረም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲስተር ሃናን አገኛት። አላልኩህም ወይ አላለችውም፤ «ግባ፣ ነቅተዋል» ብቻ አለችው። ምነው በሰደበችኝ ብሎ ተመኘ።

አክስቱ በታሰረ እጃቸው ሊያቅፉት ሞከሩ።

«አይዞህ፣ ምንም አልሆንኩም። ስልኩንም እንዳይወቅሱብህ፣ እርጅናዬ ነው የጣለኝ ብያቸዋለሁ። አንተ መቼም በሰዓቱ ጠርተኸኛል።»

ይህን ሲሰማ አልጋው ሥር ተንበረከከ።

«እቴቴ፣ ሠሪዎቹ ጠይቀውኝ ነበር። የሚጾም በሽተኛ አለ ወይ ብለውኝ ነበር። የለም አልኳቸው።»

«እኔ እንደምጾም እያወቅህ?»

«እያወቅሁ። አፍሬ ነው።»

«በምን አፈርክ?»

«በጾማችን።»

እቴቴ የሺወርቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «በአንቺ አፈርኩ በለኛ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ የተወጋሁት ድምፅህን ሰምቼ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሄጄ ሲስተርን እጠይቅ ነበር።»

ቢራራ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሳቸው ድንገት ወደ እሱ ዞሩ።

«ምን ትንሰቀሰቃለህ? ነገም ስልኩ ይጮህ የለም? ያ ሁሉ ሰው ሊወጋ ነው። ተነሥና ንገራቸው!»

ተነሣ። እዚያው ደጅ ቆሞ ለመሐንዲሷ ደወለና እውነቱን ነገራት፤ አፍሬ ዋሸሁሽ አላት፣ ቃል ሳይሸፍን። ስልኩ ዝም እንዲል ወዲያው ተደረገ። ከዚያ ከሲስተር ሃና ጋር ደባርቅን በየበሩ አዳረሱት፤ ዳባትም ወረዱ። በየደረሱበት «ሳይበሉ አይወጉ፣ ልጾም ካሉ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ያነጋግሩ» ሲል፣ የሚመልሱለት ሁሉ አንድ ነበር፤ «እንዴ፣ ስልኩ እኮ በጣም ጥሩ አለኝ!» በራሱ ድምፅ ያለውን ሲደግሙለት መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ይል ነበር። ቢራራ ከዚያ ወዲያ ያንን ቃል ከአፉ አላወጣም።

ወገኖቼ፣ እኛ ለእንግዳ የምንነግረው የምንኖረውን ሳይሆን ያማረውን ነው። ተቸገራችሁ ወይ ሲሉን ኧረ በፍጹም፣ ገባችሁ ወይ ሲሉን በሚገባ። እንግዳው ያልነውን አምኖ ይሠራል፤ የሚወድቀው ግን የእኛው ሰው ነው። ባህሉን የማያውቅ ባዕድ ቢሳሳት ይፈረድለታል። እያወቀ ያፈረ የሀገር ልጅ ግን ምን ይባላል?

አዲሱ ፕሮግራም የተፈተነው በነቢያት ጾም ነው። ቢራራ መጥቶ አክስቱ አጠገብ ተቀመጠ። አንጓቸው ጠምሞ ስለገጠመ እንዝርት ማሾር ትተዋል፤ የጋቢው ፈትል ከግማሹ ቀርቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቢራራ ወደዚያ ላለማየት አንገቱን እንደ ደፋ ስልኩ ጮኸ፤ «ዛሬ ይበላሉ ወይስ ይጾማሉ?»

ጎረቤታቸው ጤናዬ ብቅ ብላ ነበርና «ልጅሽ ነው ዛሬም የሚቀሰቅስሽ?» አለቻቸው።

እቴቴ የሺወርቅ በግራ እጃቸው ቁጥሩን እየፈለጉ መለሱላት። «እሱው ነው። ድሮ ያዝዘኝ ነበር፤ አሁን ይጠይቀኛል።»