የሰልፉ ጅራት

«ቦራ፣ አንድ» የሚለው የጋሽ ባየው ድምፅ ከፊት ሲሰማ፣ ቃለ አብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የግራ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

ዘርፈሽዋል አጠገቡ ቆማ ቁጥሩ እነሱ ጋ እስኪደርስ ትጠብቃለች። ቦራ በቅሎዋ ናት። መንገድ መሪው ጋሽ ባየው ራሳቸውን ሁለት ይላሉ፤ ቲቸር ገብረአማኑኤል ሦስት ይላል፤ ከዚያ ዘጠኙ ተማሪዎች በተራ። ቁጥሩ ጠባቡን የእግር መንገድ ተከትሎ ወደ ኋላ ይመጣና መጨረሻ ላይ የሚሄደው ሰው ጋ ያበቃል። ይህን ሰው ጅራት ይሉታል። ጅራቱ «አስራ ሁለት» ብሎ ካልጮኸ ቦራ አትንቀሳቀስም። ጠዋት ዕጣ ሲወጣ የዛሬው ጅራትነት ለዘርፈሽዋል ደረሰ።

ከሰላ ድንጋይ ከተነሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ትናንት ጣርማበር ላይ አስፋልቱን ተሻገሩ፤ ከዚያ ወዲህ መኪና አላዩም። ነገ አንኮበር ይገባሉ። የትምህርት ቤታቸው የጂኦግራፊ ክበብ አራት ቀን ሙሉ በእግር ሲጓዝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ርዕሰ መምህሩ ሲፈቅዱ አንድ ነገር አስጠንቅቀዋል፤ ቁጥሩ አንድ ጊዜ ከጎደለ ጉዞው እዚያው ያበቃል፤ ሁሉም በቅርብ ወዳለው የመኪና መንገድ ወጥተው ወደ ደብረ ብርሃን ይመለሳሉ።

በመጀመሪያው ቀን ብሩክ በቅሎ ለምን እንደምትቆጠር ጠይቆ ሁሉንም አስቆ ነበር። ጋሽ ባየው አልሳቁም። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር እህል ጭነው ቆላ ሲወርዱ እንዲህ ይቆጠር እንደነበር ነገሯቸው። «ቆዩኝ ማለት የማይችል መጀመሪያ ይቆጠራል» አሉ። መንገድ ላይ የተቀላቀለ መንገደኛም ይቆጠራል። አብሮ እስከሄደ ድረስ ቁጥር አለው።

የቃለ አብ ተረከዝ ተልጦ ካልሲው በደም ተጣብቋል። ጫማው የአጎቱ ልጅ ቡትስ ነው፤ በአንድ ቁጥር ያንሰዋል። ሰላ ድንጋይ ላይ ግን «ይሄ ለተራራ ነው የተሠራው» እያለ ለሁሉም ሲያሳይ፣ በብሩክ ሸራ ጫማ ሲስቅ ነበር።

«ሂጂ፤ አስሬው እደርስብሻለሁ» አላት።

«ቁጥሩስ?»

«የኔንም በይልኛ። ከዚህ ሆኜ ብጮህ መቅረቴ ይታወቃል። ዘርፌ፣ ብሩክ ይሄን ካየ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ሙድ ይይዝብኛል።»

ዘርፈሽዋል የተላጠውን ተረከዝ አየች። በመጀመሪያው ቀን፣ ወንዝ ላይ የተጋደመው ግንድ መሀል ስትደርስ እግሯ አልንቀሳቀስ ብሏት ነበር። ያን ጊዜ ቃለ አብ ተመልሶ ቦርሳዋን ተቀበላት፤ እየቀደማትም አሻገራት። ለማንም አልተናገረም። ለእሷ ራሷ እንኳ አላነሳባትም።

ብሩክ ከጉብታው ማዶ «አስር» አለ።

ወደ ጉብታው ጥቂት ተራምዳ፣ ሻሿን ወደ አፏ ስባ፣ ድምፅዋን አወፈረችና «አስራ አንድ» አለች። ሻሿን አወረደች። «አስራ ሁለት» ብላ ጮኸች። የቦራ ቃጭል ተሰማ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

ቃለ አብ እየሳቀ ነበር። «አንቺማ ድራማ ላይ ነው መሥራት ያለብሽ» አላት። ጥላው ስትሄድ ካልሲውን ከቁስሉ ለማላቀቅ ውኃ እያፈሰሰበት ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጉሙ ከቆላው ተነሣ። መጀመሪያ ገደሉን ሞላው። ቀጥሎ የአስታውን ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ጅባራዎቹን አንድ በአንድ ሸፈናቸው። ዘርፈሽዋል ጥቂት ትሄድና ዞራ ታያለች። የብሩክ ቦርሳ ሊሰወርባት ሲል ደግሞ ትሮጣለች። ሁለት ጊዜ ቆማ አዳመጠች። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ አንዱ ሌላውን ሲጠራ እንጂ የሰው ኮቴ አልሰማችም።

ከታች ከሚመጣ ቀጭን መንገድ አንዲት እናት ብቅ አሉ። ጭድ ውስጥ የተደረደረ እንቁላል በቅርጫት ይዘዋል። ስማቸው ይመኙሻል ነው፤ አንኮበር ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት እየሄዱ ነው፤ በዚህ ጉም ብቻዬን ከምሄድ አብሬያችሁ ልሂድ አሉ። ጅራት ከኋላው ሰው አይተውምና፣ ዘርፈሽዋል እንዲቀድሟት ጠየቀቻቸው።

ወይዘሮ ይመኙሻል ሲያልፏት ቆም አሉ። «ከኋላሽ ሰው አለ?»

«የለም» አለች። አፏ ቀደማት።

«ደግ። እታች ከአለቱ ዘንድ ያለው መንታ መንገድ በጉም ጊዜ ሰው ያስታል። የጭላዳው መንገድ ከሰው መንገድ ይሰፋል፤ መንጋው ጠዋት ማታ ይመላለስበታል። ማደሪያቸው ግን ገደል ነው።»

ዘርፈሽዋል አለቱን አስታወሰችው። ቃለ አብን ከተወችው ቦታ ወዲህ ነው። ብሩክ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ባታይ ኖሮ እሷም ያለምንም ጥርጥር ሰፊውን ይዛ ትሄድ ነበር።

ይህን ስታስብ የፊቱ ቃጭል ቆመ።

«ቦራ፣ አንድ።»

ቁጥሩ በጉሙ ውስጥ እየቀረበ መጣ። ሁለት። ሦስት። ምናልባት አሁን እየመጣ ይሆናል። አራት። ቢመጣ ኖሮ እስካሁን ይደርስ ነበር። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ዞራ አየች። መንገዱ ከስድስት እርምጃ ወዲያ አይታይም። ስምንት። ዘጠኝ። ብሩክ በደከመ ድምፅ «አስር» አለ።

«አስራ አንድ» አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል። አላመነቱም፤ የአገራቸው ልማድ ነው።

ዘርፈሽዋል እጇን ወደ ሻሿ ልትሰድ ነበር። ተወችው። ሻሹ አያስፈልግም። ድምፅ መለወጥም አያስፈልግም። አሁን «አስራ ሁለት» ብትል ውሸት አይደለም፤ ቦራን፣ ወይዘሮ ይመኙሻልንና እሷን ጨምሮ መንገዱ ላይ የቆመው ነፍስ አስራ ሁለት ነው። ማንም ቢቆጥረው አስራ ሁለት ነው። ቃጭሉ ይንቀሳቀሳል። ነገ አንኮበር ይገባሉ። የቃለ አብንም ተረከዝ ማንም አያይም።

«መልሺላቸው እንጂ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል።

ከፊት የጋሽ ባየው ድምፅ መጣ። «ጅራት?»

«አስራ ሁለት ነን» አለች።

ቃጭሉ አንድ ጊዜ አቃጨለ።

«አስራ ሦስት መሆን ነበረብን። ቃለ አብ ኋላ ቀርቷል።»

ቃጭሉ ዝም አለ። ብሩክ ቃሉን ወደ ፊት አቀበለው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ፣ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሰማችው። በመጨረሻ ቲቸር ገብረአማኑኤል ጋ ደረሰ። ወይዘሮ ይመኙሻል አንድም ነገር ሳይጠይቋት ቅርጫታቸውን ከመንገዱ ዳር በጥንቃቄ አስቀመጡ።

ዘርፈሽዋል ፊቷን ወደመጣችበት አዞረች። የቃለ አብን ስም ጠራች፤ አዳመጠች፤ ደግማ ጠራች።