እግር የሌላቸው መንገደኞች

ሠዓሊው ከሥዕል ማቆሚያው አጠገብ በጀርባው ተዘርሯል፤ ጭንቅላቱ የመስኮቱን የድንጋይ ጠርዝ መትቶ ነው የወደቀው። ማምሻውን በቁልፏ ከፍታ ያገኘችው ሚስቱ ናት። መርማሪዋ ስትደርስ ጉዳዩ ያለቀ መስሎ ጠበቃት፤ አንድያ ልጁ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብላ እጇን ሰጥታለች።

«እንዴት ገደልሽው?»

ልጅቷ ቀና አላለችም። «ያጨኝን ሰው አላይም ብሎ ተኳርፈን ነበር። ከሰዓት በኋላ መጥቼ ባንኳኳ ባንኳኳ አልከፈተም። ‹ድፍት ያድርግህ!› ብዬ ጮኼ ሄድኩ።»

«ሳትገቢ?»

«እርግማንን በር ይመልሰዋል?»

ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቷል፤ አልገባሁም ማለቷን ግን የሚያምን አልተገኘም። እናቷ የመርማሪዋን ክንድ ጨመደደች። «እህቴ፣ በሞቴ! ባሌን አፈር በላው፤ ልጄን ደግሞ እስር ቤት ይብላብኝ? ለማን ልኑር?»

መርማሪዋ ማጽናናት አይሆንላትም፤ አልሞከረችም።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ምድር ቤት የሚኖር የማስታወቂያ ሠዓሊ ነው። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል የእሱ ድምፅ ብቻ አልተሰበረም። «ጠዋት ደህና ነበር። ከምሳ በፊት ወጥቼ እስከ ማታ ፀጉር ቤት ነበርኩ፤ ጠይቂ። እሱ ከሰዓት በኋላ ሲሠራ እንደነበር ሥዕሉ ራሱ ይናገራል። የሰዎቹን ጥላ እዪው፤ በዚህ በኩል የሚወድቀው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።»

እውነቱን ነው። ማቆሚያው ላይ ባለው የውኃ ቀለም ሥዕል መንገዱ በሰው ተጥለቅልቋል፤ ጥላቸውም የከሰዓት ነው። መርማሪዋ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሌሎች የመንገድ ሥዕሎቹ ጋር እያመላለሰች አየችው። ከዚያ ሚስትየውን ወደ ማድ ቤት ጠራቻት።

«ባለቤትሽ ሰው ሲሥል እንዴት ነበር?»

«ወረቀቱ ሳይደርቅ ነዋ! ነጥብ ለጭንቅላቱ፣ ሰረዝ ለገላው፣ ከወገቡ በታች ውኃ ይለቅበታል። ‹እግር ከሠራሁለት ይቆምብኛል፤ እኔ እንዲሄድ ነው የምፈልገው› ይል ነበር።» እንባዋ ቀደማት።

በማግስቱ ሁሉም እዚያው ክፍል ተሰበሰቡ፤ ልጅቷን ፖሊስ ይዟት መጣ። መርማሪዋ ለልጅቷና ለአጎቷ እርጥብ ወረቀት ሰጠቻቸው። «በመስኮቱ ከምታዩት መንገደኛ አንዱን ሣሉልኝ።»

ልጅቷ አባቷ እንዳስለመዳት ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ውኃ አደረገች። አጎቷ ወረቀቱ እስኪደርቅ ታገሠ፤ ከዚያ ተረከዙ ሳይቀር የሚታይ ባለ ጫማ ሰው ሠራ።

«ጋሼ፣ ጫማ አልረሱም።»

«ሰው ያለ እግር ይሄዳል እንዴ?»

«በወንድምዎ ሥዕል ይሄዳል። ማቆሚያው ላይ ያለውን እዩት፤ ሕንፃዎቹ በእርጥቡ የተዋሃዱ የሟቹ ሥራ ናቸው። ሰዎቹ ግን ወረቀቱ ከደረቀ በኋላ ነው የገቡት፤ ጠርዛቸው ሳይደበዝዝ ጥርት ብሏል፣ ሁሉም ተጫምተዋል። ግድግዳው ላይ ካሉት አንድም ባለ ጫማ የለም። ስለዚህ ሰዎቹንም ጥላቸውንም የሠራው ሌላ እጅ ነው። ሟቹ እስከ ከሰዓት መኖሩን የሚመሰክረው ያ ጥላ ብቻ ነበር። እሱ ሐሰት ከሆነ፣ የሚደብቀው ጠዋት የሆነውን ነው፤ የሞተው ጠዋት ነው። ጠዋት ሚስቱ ሥራ ላይ ነበረች፤ ልጅቷ አልመጣችም። ቤት የነበሩት እርስዎ ነዎት። ለከሰዓቱ ምስክር እንደሚያገኙ ስላወቁ፣ የሞተውን ሰው በብሩሽ እስከ ከሰዓት አቆዩት።»

ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። «ሳቀብኝ። ‹ያንተ ሰው ሁሉ እንደተገተረ ነው› አለኝ። ብሩሽ ያስያዝኩት እኔ! ገፋሁት እንጂ እንዲሞት አልፈለግሁም።»

«እሷ ስትታሰርስ?» አለች ሚስትየው። «የወንድምህ ልጅ! አስችሎህ ዝም አልክ?»

ፖሊሱ ክንዱን ያዘው።

ልጅቷ መርማሪዋን ትኩር ብላ አየቻት። «ታዲያ እኔ በሩ ላይ ስጮህ...»

«ቀድሞ ሞቷል። አልሰማሽም።»

«ልታረቀው ነበር የመጣሁት። ጨክኖ ያልከፈተልኝ መስሎኝ ነው የረገምኩት።» ከታሰረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ልቧ እስኪጠፋ አለቀሰች።

እናቷ ወለሉ ላይ አብራት ተቀመጠችና እቅፏ ውስጥ አስገባቻት።

«ይከፍትልሽ ነበር፣ ልጄ» አለቻት። «አንቺ ስታንኳኪ ብሩሹን እንኳ ሳያስቀምጥ ነበር የሚሮጠው።»