የማያላዝን ወለል

ልብስ ሰፊዋ እግራቸውን ሲያሳርፉ ጣውላው ሲጥጥ አለ።

«ውይ!» ብለው ደግመው ረገጡት። ሲጥጥ።

ልጅቷ የክፍሏ በር ጋ ደርቃ ቀረች። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ የሱቃቸውን ወለል ሥራ ለማን እንደሚሰጡ ከመወሰናቸው በፊት የእንጀራ አባቷን ሥራ በዓይናቸው ሊያዩ ነው የመጡት። እሱ ራሱ ከሥራ ሲመለስ ይዟቸው መጣ። «እኔ በሠራሁት ወለል ሌባ ቢሄድበት እንኳ አይሰማም» እያለ ሲኩራራ ሰንብቷል።

እውነቱንም ነው። ሳምንቱን ሙሉ የእሷን ክፍል ሲሠራ፣ ከጣውላው ስር የሚጋደሙትን ሞራሌዎች አንድ በአንድ በውሃ ልክ እየለካ፣ ዝቅ ያለው ላይ ሽብልቅ እየጨመረ ነበር። «ጣውላውና ሞራሌው መሃል ወረቀት የምታስገባ ክፍተት ከቀረች፣ በተረገጠ ቁጥር ሚስማሩ ላይ ይፋተጋል። ዕድሜ ልኩን ሲያላዝን ይኖራል» ይላታል። ስለዚህ ኮላና ብሎን እንጂ ሚስማር አይነካም። እሷ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሳሎን፣ በእንቅልፍ ልቡ ኳስ ከሚጫወት ታናሽ ወንድሟ ጋር ተኝታለች።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ፌንጣዬ» ሲላት፣

«እንቁላሉ እስኪሄድ እኔ አረጃለሁ!» ብላው ነበር። ዛሬ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች መዶሻ አንስታ ሦስት ጣውላ በሚስማር ቸነከረች።

እንጀራ አባቷ አጎንብሶ መዶሻውን ከወለሉ አነሳ። የጎበጡትን ሚስማሮች አየ። ቀና ብሎ እሷን አየ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«የኔ ጥፋት ነው እትዬ» አለ። «ቸኩዬ ነው።»

«ቸኩዬ?» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «እኔ ቸኩዬ የሰፋሁት ቀሚስ ቢተረተር በመርፌ እመልሰዋለሁ። ወለል እንዴት ይመለሳል፣ ልጄ?» ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ በሩ ዞሩ።

ዝም ብትል ከእሱ ሌላ ማንም አያውቅም። እሱም ነገ አያነሳባትም። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው፤ ለዚህም ነው የምትወደው፣ ነግራው ባታውቅም።

«አባቴ አይደለም ሚስማሩን የመታው» አለች። «እኔ ነኝ። ሳልለካ፣ ሽብልቅ ሳላስገባ።»

ልብስ ሰፊዋ ቆም አሉ። እሱ ግን እስከዛሬ «አባቴ» ስትለው ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ መዶሻውን በእጁ ይዞ መዶሻውን መፈለግ ጀመረ።

ከእጁ ወሰደችው።

«እትዬ፣ ካልቸኮሉ ቁጭ ብለው ወለል እንዴት እንደሚመለስ ይዩ» ብላ ተንበረከከችና የመጀመሪያውን ሚስማር መንቀል ጀመረች።