ከአንገት አንድ ስንዝር ዝቅ

ሬሳው ከማተሚያ ቤቱ ማጠቢያ ገንዳ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ኢንስፔክተር ቫዲቩ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለችና አይታው ቀና አለች። ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ቀርቷታል። ጎንበስ ቀና ማለት ከሰለቻት ቆይቷል፤ ሬሳ ማየት ደግሞ ከዚያም በፊት ነው የሰለቻት።

ሟቹ ራኪያፓን ይባላል። እኛ የደቡብ ሕንዷ ቲሩፑር ውስጥ ቲሸርት አታሚ ሞልቷል፤ ሥዕል ልክ ቦታው ላይ የሚያሳርፍ ከተባለ ግን የሚጠራው እሱ ነበር። አንድ ሰው ከኋላው መጥቶ የማተሚያው ክፈፍ እንዳይንቀሳቀስ በሚጫንበት የብረት ክብደት ማጅራቱን መትቶታል። ብረቱ ታጥቦ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሐኪሙ፣ የሞተው ከቀኑ ሰባት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ብሎ ሄደ።

«አለቃ፣ ይሄ ያለቀለት ነገር ነው። ልጅቷ ናት» አለ ረዳቷ ዴቫ።

ልጅቷ ያሊኒ ናት፤ የራኪያፓንን ሥዕሎች የምትነድፈው። ሬሳውን አሥር ሰዓት ላይ ያገኘችው እሷ ስትሆን፣ ጠዋት ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ማዶ ያለው ሻይ ሻጭ ሰምቷል፤ ቃሉን ባይለይም ጩኸቱን ሰምቷል። አሁን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ልትታሰር መሆኑን ስታውቅ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቷ ከአልጋ አትነሳም፤ ከእሷ በቀር ውሃ የሚያቀብላት ሰው የለም። ሂዳ አጠጥታት ትመለስ።

ዴቫ ስሌቱን አስረዳ። ወደ ፓላኒ ቤተ መቅደስ በእግር ለሚሄዱ ስልሳ ተሳላሚዎች ስልሳ ቲሸርት ታዟል፤ ጀርባው ላይ የአምላካቸው ወፍ ጣዎስ ያለበት። ያሊኒ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስትወጣ ሃያው አልቆ ነበር። ራኪያፓን እያንዳንዱን እየለካ በሰዓት ሃያ ያትማል፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ሰባት ሰዓት ላይ ጀምሮ አርባውን ከጨረሰ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሕይወት ነበረ ማለት ነው። ሸሚዝ የሚዘረጋለት ታናሽ ወንድሙ ካቲር ከስምንት ተኩል ጀምሮ ማቅለሚያ ቤት ሃያ ሰው መሀል ነበር። የሚቀሩት ያሊኒና ማድረቂያው ላይ የሚሠራው ሽማግሌ ሴንጎዳን ናቸው። ሁለቱም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ምስክር የላቸውም።

ቫዲቩ ወንበር አስመጥታ ተቀመጠችና አንድ በአንድ ጠራቻቸው።

ሴንጎዳን እንባውን በፎጣው እየጠረገ ገባ። ትእዛዙ የእሱ ሰፈር ሰዎች ትእዛዝ ነው፤ እሱም ካቫዲ ተሸካሚ ነው፣ የስለቱን የእንጨት ቀስት ትከሻው ላይ አድርጎ በባዶ እግሩ የሚሄድ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤተ መቅደሱ ቢሮ ስም ሲያስመዘግብ ቆይቶ፣ ከዚያ ዛፍ ሥር ተኝቷል። ማንም አላየውም።

ካቲር ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ጠዋቱን ኢሮድ ከተማ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ለወንድሙ ምሳ አድርሶ፣ ቤቱ ገብቶ ጋደም አለ፤ ከዚያም ማቅለሚያ ቤት ሄደ። ወንድሙ ምሳ ሲበላ አጠገቡ ሰው እንዲቆም ስለማይወድ አልቆየም።

ያሊኒ መጨረሻ ላይ ገባች።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በጣዎሱ ጭራ ነዋ። ሥዕሉን ሦስት ጊዜ አሠሩኝ፣ እትዬ። ለሕፃን፣ ለአዋቂ፣ ለወፍራም፤ በሦስት መጠን። ጨርሼ ሳመጣ፣ ከአንገት አንድ ስንዝር ዝቅ ይበል አሉኝ። ጭራው እኮ ሱሪ ውስጥ ይገባል! እንግዲያው ጭራውን አሳጥሪ አሉኝ። ጮኽኩባቸው።» አንገቷን ደፋች። «ባልጮኽኩባቸው ኖሮ።»

ቫዲቩ ወደ ማተሚያ ጠረጴዛው ሄደች። ቲሸርቱ የሚዘረጋበት ሰሌዳ ላይ አንድ ያረጀ መስመር ተጭሯል። ኮሌታው መስመሩ ላይ ከዋለ፣ ሥዕሉ ሁልጊዜ ከአንገት አራት ጣት ዝቅ ብሎ ያርፋል፤ አገሩ ሁሉ የሚሠራው እንደዚያ ነው። አጠገቡ አርባ ቲሸርት ተዘርግቷል። ጥግ ላይ ደግሞ ሃያው ታጥፎ፣ ደረቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ በገመድ ታስሯል። ገመዱን ፈታች። ስንዝሯን ዘረጋች፣ በጣቷ ለካች። ከመስኮቱ የምሳ ዕቃውን አንስታ ከፈተችው። ሩዙ አልተነካም። ረጅም ትንፋሽ አወጣችና ሁሉንም አስጠራቻቸው።

«ጋሼ ሴንጎዳን፣ ጣዎሱ ለምን አንድ ስንዝር ዝቅ አለ?»

«እኔ ነኝ የለመንኩት። ካቫዲውና የትከሻው ጨርቅ የላይኛውን ጀርባ ይሸፍነዋል። ዓምና ጣዎሳችንን ማንም ሳያየው ደርሰን መጣን። ዛሬ በማለዳ ነገርኩት፣ እሺ አለኝ።»

«ሃያው በስንዝር ነው የታተመው» አለች ቫዲቩ። «እነዚህ አርባዎቹ ግን ሁሉም አራት ጣት ላይ ናቸው። ጠዋት በስንዝር ሲለካ የዋለ ሰው ከምሳ በኋላ አይረሳም። አርባውን ያተመው ራኪያፓን አይደለም። ምሳውን እንኳ ሳይከፍት ነው የሞተው።»

ዴቫ ደብተሩን ዘጋ።

«ያተመው ሰው ሥራውን ያውቃል። በሕፃን ልብስ ላይ የሕፃኑ ጣዎስ፣ በትልቅ ላይ ትልቁ፤ አንዱም አልተሳሳተም። ሥራውን የምታውቁት ሦስት ናችሁ። ያሊኒ ለስንዝሩ ብላ ጭራ አሳጥራለች። ሴንጎዳን ለምኗል። ከሁለቱ ማንም ቢያትም በስንዝር ነበር የሚያትመው። መስመሩን ያመነው ዛሬ ጠዋት ያልነበረው ነው። የታጠፈውን ፈትቶም አላየም። ኮሌታውን መስመሩ ላይ እያደረገ፣ እያንዳንዱን ሳይለካ፣ አርባውን በአንድ ሰዓት ጨረሰ። ከሰባት እስከ ስምንት። ማቅለሚያ ቤት ስምንት ተኩል ላይ መድረስ ቀላል ነው፣ ካቲር።»

ካቲር አልካደም። የደከመው ሰው እንደሚቀመጥ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ምሳውን ሳስቀምጥ፣ ከበዓሉ በኋላ ጠረጴዛውን ለያሊኒ እሰጣታለሁ አለኝ። ሠላሳ ዓመት አጠገቡ ቆሜያለሁ። ሸሚዝ ዘርጋ፣ ሸሚዝ አንሳ። አንድ ቀን፣ እስቲ አንተ አሳርፈው አላለኝም።»

«አርባውን ያተምከው በሕይወት የነበረ እንዲመስል ነው።»

«መጀመሪያ ለዚያ ነበር» አለ ካቲር። «በኋላ ግን... ሥራው ያዘኝ።»

ያሊኒ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅስ ነበር። ቫዲቩ ወደ እናቷ እንድትሄድ በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠቻት፤ አርባው ቲሸርትም ተጓዦቹ ሳይነሱ እንደገና መታተም ነበረበት። ዴቫ ካቴናውን ይዞ ቀረበ። ካቲር ግን የተዘረጉትን ቲሸርቶች እያየ ነበር።

«እትዬ፣ ቦታውን እንኳ ስቻለሁ» አለ። «ግን ቀጥ ብለዋል?»

ቫዲቩ አንዱን አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ልትዋሽ ብትፈልግ እንኳ የምትዋሽበት አልነበራትም።

«ቀጥ ብለዋል። አንድም የተጣመመ የለም።»

ካቲር ራሱን ነቀነቀና ሁለት እጆቹን ለዴቫ ሰጠው።