በጆሮ ልክ

ላቀው የስፒከር መቆሚያውን መሥራት የጀመረው ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ነበር፤ እሱ መላጊያ ሲያነሣ ጅማ በሙሉ ሥራዋን አቁማ የምታየው ይመስለዋል። በእርግጥ ያየው የነበረው አጥሩን የተደገፈው ጎረቤቱ አባ ፊጣ ብቻ ነው።

"ይህን ዋንዛ ለመጣል ሰባት ሰው ፈጅቷል" አለ ላቀው፣ ከጣውላው ላይ ረጅም ፍቅፋቂ እያነሣ። "ሦስቱን እስከ ዛሬ ወገባቸውን ያማቸዋል።"

"ትናንት ያመማቸው አምስት ነበሩ።"

"ሁለቱ ዛሬ ጠዋት ተሽሏቸው ነው።"

አባ ፊጣ ሳቀና ዝናቡ ሳይይዘው ወደ ቤቱ ገባ። ላቀው ግን አልሳቀም። ሠላሳ ዓመት የሰርግ ድምፅ ማጉያ ሲተክል የኖረ ሰው ነው፤ በእሱ አነጋገር አጋሮ የተደረገ ሰርግ ላይ ሙዚቃ ከፍቶ ቦንጋ ያሉ ሰዎች ጨፍረዋል። ነገ ከሰዓት በኋላ አዲሱን የሰርግ አዳራሽ የሠራው አቶ አወል የላቀውን ቤት ድምፅ ሊሰማ ይመጣል፤ ከወደደው የአዳራሹን ሥራ ለእሱ ይሰጠዋል። እንግዲህ አቶ አወል ማወቅ የሌለበት አንድ ነገር ነበር። የላቀው ግራ ጆሮ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ሐኪሙ የሞተ ነርቭ አይነሣም ብሎታል። ላቀው ይህን ለማንም፣ ለሚስቱ ለትርፌ እንኳ አልተናገረም። ድምፅ ሁሉ ከቀኙ ብቻ ይመጣለታል፤ በግራው በኩል ያለው ዓለም ለእሱ ወፍራም ግድግዳ ነው።

የመቆሚያ ሥራ አንድ ሕግ አለው፤ የስፒከሩ አፍ ከተቀመጠው ሰው ጆሮ ጋር እኩል መሆን አለበት። ላቀው ደግሞ አንድ ነገር ሁለቴ ለክቶ እንደማያውቅ ለሰው ሁሉ አውርቷል።

ዝናቡ ጣራውን መደብደብ ሲጀምር ወደ ሳሎን ገባ። ድምፅ እንዳይዘባረቅ ብሎ መስኮቶቹ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅሎባቸው ስለነበር ክፍሉ በቀን የጨለመ፣ የኮላና የእርጥብ እንጨት ሽታ የታመቀበት፣ የሰው ትንፋሽ ሳይቀር ግድግዳው ውጦ የሚያስቀረው ሆኗል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በግራው በኩል፣ ቤቱን ሲገዙ ውስጡ ያገኟት ባለሦስት እግር በርጩማ እንደ ሁልጊዜው ተቀምጣለች። የሲባጎውን አንድ ጫፍ በእግሩ ረገጠ፣ አንገቱን ቀና አደረገ፣ ልኩ እንዳይዛባ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላውን ጫፍ በግራ እጁ ዘረጋ።

"ትርፌ! ነይ እስቲ ያዢልኝ፣ ጆሮዬ ጋ ቋጥሪው።"

ኮቴ አልሰማም፤ መስማትም አልጠበቀም። ሲባጎውን ከእጁ የወሰዱት ጣቶች ቀዝቃዛና እርጥብ ነበሩ። ሲባጎው ከእግሩ ሥር ተወጠረ፣ ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ ረግቦ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ዓይኑን ሲገልጥ ሲባጎው ተቋጥሯል፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ወደ ማድ ቤት ተመልሳ ይሆናል ብሎ ወደ መጋዙ ሄደ።

ስምንት ሰዓት ላይ መቆሚያዎቹ ቆሙ። ሸፋፋ አይደሉም፣ አይነቃነቁም፣ ውስጣቸው ደረቅ አሸዋ ተሞልቷል። ስፒከሮቹን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን አፋቸው ወደ ጆሮው አላነጣጠረም። ከጆሮው ሁለት ስንዝር ያህል ዝቅ ብለው፣ ከወንበሩ በስተግራ ወደሆነ ቦታ የሚያዩ መሰለው።

ጥፋቱን በሲባጎው ላይ ጣለ። ማንም ስላላየው አይቆጠርም ብሎ አዲስ ሲባጎ ቆረጠና እንደገና ተቀመጠ፤ እንደገና ዓይኑን ጨፈነ፤ እንደገና ትርፌን ጠራ። ጣቶቹ መጡ። በዚህኛው ጊዜ ከእነሱ ጋር ሽታ መጣ፣ ለብዙ ዓመት ፀሐይ ያላየ የወለል ሥር አፈር ጣውላው ሲነሣለት የሚሸተው ዓይነት።

"ምን ስትቆፍሪ ነበር አንቺ?" አለ እየሳቀ።

ሲባጎው ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ሁለቱን ሲባጎዎች ጎን ለጎን ዘርግቶ አያቸው፤ ቋጠሮዎቹ የፀጉር ያህል እንኳ አይበላለጡም።

የውጭው በር የተከፈተው ያኔ ነው። ትርፌ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ረጥቦ፣ ዣንጥላዋን እያራገፈች ገባች።

"ማንን ነው እንዲህ የምትጠራው? ድምፅህ እስከ መንገድ ይሰማል።"

"ሲባጎውን ሁለቴ አስይዤሽ ሁለቴም አበላሸሽብኝ እኮ!"

"እኔ? ከጠዋት ጀምሮ ለቅሶ ቤት አይደለሁም እንዴ?"

"ታዲያ በግራዬ ቆማ የቋጠረችው ማን ናት?" ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ትርፌ አልሳቀችም። ዣንጥላውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና ዞራ በቀኙ በኩል መጣች።

"ላቀው፣ እኔ በግራህ ቆሜ አላውቅም" አለች። "ጆሮህ እንደማይሰማ ካወቅሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ላወራህ ስፈልግ በቀኝህ እዞራለሁ። እንዳታፍር ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።"

መጀመሪያ የመጣበት እፍረት ነው፤ ፊቱ ጋለ። ፍርሃቱ የመጣው ቆይቶ፣ ከእግሩ ጀምሮ፣ ውሃ በጨርቅ ላይ እንደሚወጣ ቀስ እያለ ነው። ትርፌ ዓይኗን ከእሱ ላይ አንሥታ ወደ ግራው ስታይ እሱም አየ። የዋንዛው ብናኝ ወንበሩን፣ ቴፑን፣ ወለሉን፣ የእሱን ትከሻ ሳይቀር አልብሶታል። የበርጩማዋ መቀመጫ ብቻ ንጹሕ ነው፤ ሰው አሁን የተነሣበት ይመስል ያብለጨልጫል። ትርፌ ሳትቀመጥ፣ ሳትነካት፣ ሲባጎውን ከወለሉ አንሥታ በርጩማዋ አጠገብ ወጠረችው። ቋጠሮው የደረሰው አንዲት ትንሽ፣ ወገቧ የጎበጠ ሰው ብትቀመጥ ጆሮዋ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ ነው።

"አውጣልኝ ይህን ነገር" አለች በሹክሹክታ።

ላቀው በርጩማዋን በአንድ እግሯ አንጠልጥሎ ጓሮ፣ ዝናብ ላይ ጣላትና በሩን ቀረቀረ። በማግስቱ ከመቆሚያዎቹ ሥር ወፍራም የዋንዛ ግንዲላ እየጨመረ ከፍ አደረጋቸው። ትርፌ በቀኙ ቆማ፣ ሙቅ ጣቶቿ ጆሮውን እየነኩ፣ በብረት ሜትር ለካችለት። ሦስት ጊዜ አስለካት፤ በሕይወቱ ሙሉ ያልፎከረበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ትርፌ እንግዳውን ለመቀበል ወደ አጥሩ በር ወጣች። ላቀው ብቻውን የክራር ካሴት ከቶ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። ክራሩ እንደ ወትሮው ከቀኙ ጀመረ። ቀጥሎ ዘፋኙ ሲገባ ድምፁ ከቀኝ ተነሥቶ በዝግታ ተንሸራተተና ፊት ለፊቱ፣ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል፣ ምንም በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ሰው እንዲህ ያለ መሃል እንደሌለው ሠላሳ ዓመት የሠራበት ሙያ ያስተምረዋል። ግራ ጆሮው እየሰማ ነው። እንባው መጣ። በዚያው በሞተው ጆሮ ዝናቡን ሰማ፣ የአቶ አወልን መኪና በሩ ላይ ሲቆም ሰማ፣ ትርፌ "ይግቡ፣ ይግቡ" ስትል ሰማ፤ ለዚህ ሰውዬ የሚናገረውን ጉራ ገና ከአሁኑ እየደረደረ ነበር።

ከዚያ በዚያው ጆሮ፣ ከክርኑ አጠገብ፣ ሦስት እግሮች ወለሉን እየፋቁ ሲጠጉ ሰማና፣ አንድ ያረጀ ድምፅ ሰው ቤት ያለ እንግዳ በሚያሳየው ትሕትና፣ "ለእኔ ግን ከፍ ብሏል ልጄ፤ ትንሽ ቁረጥልኝ" አለው።