የመከታ መውጫ

ሽብሩ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ጧት ውሻው መከታ በኮንጋው የቡና ማጠቢያ የውሃ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አውጥተው ኬሻ ላይ አጋደሙት። ወሬው ከለቅሶው ድንኳን ሲደርስ፣ ከቀብሩ ወዲህ ድምፅ ሳታሰማ የሰነበተችው አትጠገብ ያኔ ጮኸች።

«እሱንም? የባሌን ውሻ፣ የቀረኝን እሱንም?»

ለቀስተኛው ከየቤቱ በተለቀመ ሳንቃ፣ ድንጋይ ላይ በተጋደመ አግዳሚ ተደርድሮ ተቀምጧል። የሽብሩ ታናሽ ወንድም በፍቃዱ ከመሀል ብድግ አለ።

«ኸይረዲን ነው! አንገቱን ነው የምሰብረው!»

ኸይረዲን የማጠቢያው ኃላፊ ነው፤ ከሽብሩ ጋር ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። አምና ግን መከታ ገንዳው ውስጥ ዘሎ ሲዋኝ አይቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ይሄ ውሻ አንድ ቀን ከዚህ ውሃ አይወጣም» ብሎ ነበር። ያን ቃል ማንም አልረሳውም።

አትጠገብ ከጎኗ የነበረችውን የቆንጅትን ክንድ ያዘች። ቆንጅት ዲላ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ወንጀል ስትመረምር ኖራ ጡረታ የወጣች ናት፤ የመጣችው ለለቅሶ ነበር።

«እህቴ፣ በሽብሩ ሬሳ ላይ ሌላ ሬሳ እንዳይጨመርብኝ። እውነቱን ፈልጊልኝ።»

«ለውሻም ምርመራ መጣ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ውሻ አይዋሽም፤ ከሰው ይቀላል» አለች ቆንጅት ነጠላዋን እያጣፋች። ከዚያ ወደ በፍቃዱ ዞረች። «አንተ፣ እስክመለስ ከዚህ አግዳሚ እንዳትነሳ።»

መከታ ኬሻው ላይ ጎኑን ተኝቷል። አንገቱ ላይ የገመድ ምልክት የለም፤ ራሱም አልተመታም። የፊት እግሮቹን አንስታ አየች። ጥፍሮቹ እስከ ሥጋው አልቀዋል። እጇ ላይ ትንሽ አቆየቻቸውና ቀስ ብላ መለሰቻቸው።

ገንዳው ከሰው ቁመት ይጠልቃል። ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ በአረንጓዴ የውሃ ሽበት የተሸፈነ፣ የሚያሟልጭ ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ስላልተሞላ ውሃው ከአፉ ክንድ ያህል ወርዷል። ቆንጅት ዙሪያውን ሄደች። ሽበቱ የተቧጨረው በአንድ ጥግ ብቻ ነው፤ እዚያ ግን ተደጋግሞ፣ ተደራርቦ። ከዚያው ጥግ በላይ፣ ገንዳው አፍ ላይ፣ ስንዝር ተኩል ያህል ስፋት ያለው ሽበት ያልነካው ሲሚንቶ ይታያል። አጠገቡ ካለ ምስማር ላይ ደግሞ በወግ የተጠቀለለ ሽቦ ተንጠልጥሏል።

ዘበኛው ተሻለ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ሌሊት ድምፅ አልሰማህም?»

«ሰማሁ እትዬ።»

«ታዲያ?»

«ያላዝን ነበር። ጌታው ሞቶበታል፤ አልቅሶ ይውጣለት ብዬ ተውኩት።» ባርኔጣውን ጨመደደ። «ኀዘን መስሎኝ ነው እኮ።»

ቆንጅት ትከሻውን መታ መታ አድርጋ አለፈች።

ኸይረዲንን የቡና ማድረቂያ አልጋው ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው።

«ከውሃ አይወጣም ብለሃል?»

«ብያለሁ። ፈርቼለት ነው ያልኩት። ውሃው ሲጎድል ግድግዳው ይረዝምበታል። ሽብሩ ሰማኝና የዚያኑ ዕለት ሳንቃ አመጣ። ቁራጭ እንጨት እንደ መሰላል መታበትና ጥግ ላይ በሽቦ አሰረለት። ሦስት ቀን ሙሉ አብሮት ውሃ ውስጥ እየገባ መውጫውን አስተማረው። ከዚያ ወዲህ ዘሎ ይገባል፣ በሳንቃው ይወጣል።»

«ሳንቃው አሁን የለም።»

ኸይረዲን ቀና አለ። «እንዴት የለም? ከቀብሩ በኋላ ማጠቢያውን ዘግተን ቀን ቀን ሁላችንም ለቅሶ ላይ ነበርን።»

«ለምን ይህን ለበፍቃዱ አልነገርከውም?»

«ማን ሊሰማኝ?»

ቆንጅት ኸይረዲንንና ዘበኛውን ይዛ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። በፍቃዱ ኸይረዲንን ሲያይ ጡጫውን ጨበጠ፤ ግን ቃሏን ጠብቆ አልተነሳም።

«መከታን ማንም አልገደለውም» አለች። «አልታሰረም፣ አልተመታም። እንደ ልማዱ ዘሎ ገባ። ሊወጣ ሲል ጥፍሩ እስኪያልቅ ታገለ። ልብ በሉ፤ መውጫ የጠፋው እንስሳ ዙሪያውን ይቧጭራል። እሱ ግን የቧጨረው አንድ ጥግ ብቻ ነው፤ መውጫው እዚያ እንደነበረ ያውቃላ! ሽብሩ አስተምሮታል። ሰው ግን መውጫውን አንስቶታል።»

«ሌባ!» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ሌባ ሽቦ ይቆርጣል አባቴ። ይሄኛው ፈትቶ፣ ጠቅልሎ፣ ምስማር ላይ ሰቅሎታል። ሊመልስ ያሰበ ሰው ነው። በዚህ ሰሞን ኮንጋ ውስጥ ሳንቃ በውሰት የሚሰበሰብበት ቤት ደግሞ አንድ ነው።»

አግዳሚዎቹን በስንዝሯ እየለካች ሄዳ በፍቃዱ የተቀመጠበት ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ልክ ስንዝር ተኩል።

«በፍቃዱ፣ አሁን ተነስ።»

ተነሳ። አግዳሚውን ገለበጡት። ከሥሩ ሰባት ቁራጭ እንጨቶች እንደ መሰላል ተመትተዋል፤ በመካከላቸው ሳንቃው በውሻ ጥፍር ተቧጫጭሯል።

በፍቃዱ ሳንቃው አጠገብ ቁጭ አለ። «ትናንት ከሰዓት ነው የወሰድኩት። ለወንድሜ የመጣ ሰው ቆሞ እንዳይቀር ብዬ… ማጠቢያው ተዘግቷል፣ ማንም አይፈልገውም ብዬ…» ኸይረዲን ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

አትጠገብ መጥታ ተንበረከከች። ጣቷን በጭረቶቹ ላይ አሳለፈች፣ ከዚያ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነካች። ሁሉም ጠመም ያሉ ናቸው።

«ሽብሩ ምስማር ቀጥ አድርጎ መምታት አያውቅበትም ነበር» አለች።

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ አመለጣት። ከዚያ የበፍቃዱን ራስ ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ለወንድምህ ብለህ ነው። አውቃለሁ። አሁን ሳንቃው ይመለስ፤ ነገ ገንዳው ውስጥ የሰው ልጅ ሊወድቅ ይችላል። እናንተም ያመጣችሁትን እዩት፤ ከምን ላይ እንደተነሳ የማታውቁት ካለ መልሱ።»

«ለቀስተኛውስ?» አለች አንዲት ሴት።

«መሬት አለ።»

አትጠገብ ቀድማ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ተከትሏት ዝቅ አለ፤ ሽማግሌዎቹም ሳይቀሩ።

በፍቃዱ የሳንቃውን አንድ ጫፍ አነሳ። ኸይረዲን ሳይጠሩት ሌላውን ጫፍ ያዘ። እስከ ገንዳው ድረስ ተሸክመው ወሰዱት። ኸይረዲን ሽቦውን በእጅ እንዳይፈታ አድርጎ በፒንሳ ጠመዘዘው። በፍቃዱ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ሰበሰበና፣ ወንድሙ በጠማማ ምስማር የመታቸውን እንጨቶች እየረገጠ እስከ ውሃው ወረደ፤ ተመልሶም ወጣ።

ሳንቃው አልተነቃነቀም።